ትኩሳቱ ወባ ካልሆነ ገላዎን ይፈትሹ

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጎማ ቡና ያለበት ቀዬ ሁሉ ከብት አለ፤ ከብት ካለ ደግሞ መዥገር አይጠፋም። በአካባቢው ከብቶች ላይ በብዛት ከሚገኙት መካከል አምብሊዮማ የሚባለው ወገን ሰውንም ይነክሳል።

ብዙ የመዥገር ዝርያዎች ሣር ላይ ወጥተው አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃሉ። ትልልቆቹ አምብሊዮማዎች ግን አዳኞች ናቸው። በፊት እግራቸው ላይ ባለው የማሽተቻ አካል የትንፋሻችንን ጠረን ለይተው በመሬት እየተጓዙ ይመጣሉ። ሲነክሱ አይሰማም፤ ምራቃቸው ቆዳን ያደነዝዛል፣ ከዚያም እንደ ሲሚንቶ ደርቆ አፋቸውን ከሥጋ ጋር ያጣብቃል።

ከምራቁ ጋር ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለ ባክቴሪያ ሊገባ ይችላል። ይህ ተሕዋሲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከመዥገር ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ ስም የወጣለት ግን በ1996 ነው። ከእናቲቱ መዥገር ወደ እንቁላሏ ስለሚተላለፍ፣ ገና የተፈለፈለች ባለ ስድስት እግር እጭም ልትይዘው ትችላለች።

ከተነከሱ ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይጀምራል። ወባ ባለበት አገር መጀመሪያ ወባን መመርመር ተገቢ ነው። ውጤቱ ነጻ ከሆነ ግን «እንግዲያው ታይፎይድ ነው» ብለው መድኃኒት ለመግዛት አይቸኩሉ። ልብስዎን አውልቀው ቋንጃዎን፣ ብሽሽትዎን፣ ብብትዎንና ቀበቶ የሚያርፍበትን ይፈትሹ። የሚፈልጉት ዙሪያው የቀላ፣ መሃሉ ጥቁር ቅርፊት የያዘ ትንሽ ቁስል ነው። ብዙውን ጊዜ ስለማያም ሰው ልብ አይለውም፤ በአጠገቡ ግን ንፍፊት ያብጣል። ቁስሉ ሁለት ሦስትም ሊሆን ይችላል።

መዥገሩ ገና እንደተጣበቀ ካገኙት ክብሪት፣ ነጭ ጋዝ ወይም ቅቤ አያስጠጉ፤ ሲረበሽ ምራቁን የበለጠ ሊለቅ ይችላል። በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ሥር ይያዙት፣ ሳይጠመዝዙና ሆዱን ሳይጨምቁ ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡት። ቦታውን በሳሙና ይጠቡ።

ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ «መዥገር ነክሶኛል» ብለው ቅርፊቱን ያሳዩ። ብዙ ሰው በልማድ የሚገዛው አሞክሳሲሊን ይህን ባክቴሪያ አይነካውም፤ የሚፈውሰው ዶክሲሳይክሊን ነው፣ እሱም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳል። እርጉዝ ከሆኑ አስቀድመው ይንገሩ።