«የሚሰነፍጥ» እና «የሚያቃጥል»፤ ለቅመማ ቅመም ነጋዴዎች የቀረበ የቃል ትምህርት

በንግድ ደብዳቤ ውስጥ የዕቃው ጠባይ የሚገለጽበት ቃል ከዋጋውና ከሚዛኑ ያላነሰ ጥንቃቄ ይገባዋል፤ ዕቃውን ያላየ ገዢ የሚያምነው ቃሉን ነውና። ስለዚህ «ሰነፈጠ» የተባለው ግሥ ትርጓሜና አገባብ ከዚህ ቀጥሎ ይመረመራል።

«ሰነፈጠ» ማለት ኃይለኛ ሽታ ወይም ጣዕም አፍንጫን ወጋ፥ ዓይንንም እስከ ማስነባት ደረሰ ማለት ነው። በጾም ቀን ሰናፍጭ የቀመሰ ሰው ትርጉሙን ያለ መዝገበ ቃላት ያውቀዋል፤ ስሜቱ ወደ አፍንጫ ይወጣል፥ ፈጥኖም ይጠፋል። «አቃጠለ» ግን የበርበሬ ግሥ ነው፤ በምላስና በጉሮሮ ላይ ይቆያል። በርበሬም ሲወቀጥ ብናኙ ይሰነፍጣል፤ በወጥ ውስጥ ግን ያቃጥላል። ኮምጣጤ ደግሞ ለምላስ ይኮመጥጣል፥ ለአፍንጫ ይሰነፍጣል።

ልዩነቱ ከዕቃው ተፈጥሮ የመጣ ነው። የሰናፍጭ ዘር ደረቅና ያልተፈጨ ሲሆን ሽታው እምብዛም አይሰማም፤ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ግን በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ተገናኝተው በቀላሉ የሚተን ዘይት ይወልዳሉ። የበርበሬ ኃይል ካፕሳይሲን፥ የቁንዶ በርበሬ ደግሞ ፒፐሪን ይባላል፤ ሁለቱም እንደ ሰናፍጭ ዘይት በቀላሉ አይተኑም። አሜሪካዊው የመድኃኒት ቀማሚ ዊልበር ስኮቪል እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው መለኪያ የተሠራው ለበርበሬ ነው፤ ጭማቂው ማቃጠሉ እስኪጠፋ ድረስ በስኳር ውሃ እየቀጠነ ይቀመስ ነበር። ስለዚህ ሰናፍጭን በዚህ ቁጥር መሸጥ አግባብ አይደለም።

ነጋዴውን ለክርክር የሚያደርሱት ስሕተቶች በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ውስጥ ስለ በርበሬ «ሆት» የተባለውን «ትኩስ» ብሎ መተርጐም ነው። በአማርኛ «ትኩስ» የሞቀ ወይም ገና የተዘጋጀ ማለት ስለ ሆነ፥ ሻጩ የሚያቃጥል ደረቅ በርበሬ ለጠየቀው ደንበኛ ገና የተቀጠፈ እርጥብ በርበሬ ቢያዘጋጅ፥ ዕቃው በመንገድ ሊበሰብስ፥ ኪሣራውም የሁለቱ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፥ «የሚሰነፍጥ» የሚለውን ቃል ያለ ቦታው ማግባት ነው። ለሰናፍጭ ቢነገር ምስጋና ነው፤ ለስንዴ ወይም ለምስር ቢነገር ግን የተባይ መድኃኒት ነክቶታል ያሰኛልና ነቀፋ ነው። አንድ ቃል ጭነቱን ሊያስመልስ ይችላል።

ስለዚህ ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ ሦስት ነገር ይለይ፤ ዕቃው ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? የሚወጋው ምላስን ነው ወይስ አፍንጫን? ኃይሉስ በመሣሪያ ተለክቷል ወይስ በመቅመስ ብቻ ታውቋል? ይህን ከጻፈ በኋላ ናሙና ጨምሮ ይላክ። ቃሉና ናሙናው የተስማሙለት ነጋዴ በሸንጎ ፊት ብዙ መናገር አያስፈልገውም።