የስትሮክ ምልክቶችን መለየትና የመነሻ ሰዓትን በትክክል መመዝገብ

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ፣ ወይም የአንጎል ደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ የሚከሰት ሕመም ነው። ዋና ዋና ምልክቶቹ የፊት በአንድ ወገን መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ የዕይታ ወይም የሚዛን መታወክ ናቸው። የጋራ መለያቸው ድንገተኛነታቸው ነው። ይሁን እንጂ ሁኔታው «መጋኛ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ወይም በዕረፍት ይሻላል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። ምልክቶቹ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፉ እንኳ የሚከተለውን ስትሮክ የሚጠቁሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ አስቸኳይ ምርመራ ያሻል።

ምልክቶቹን ከመለየት ባልተናነሰ የጀመሩበትን ሰዓት ማወቅ ወሳኝ ነው። የረጋ ደምን የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ የተባለው መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ እንደሚጠቅም በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጥቅሙ እስከ 4 ሰዓት ተኩል እንደሚዘልቅ አመልክቷል። አስቀድሞ ግን ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን መረጋገጥ አለበት። ከዚህ ምርመራ በፊት ለታማሚው በቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠት የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመነሻ ሰዓት ሲባል ታማሚው ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የታየበት እንጂ ሕመሙ የታወቀበት አይደለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በጤና የተኛ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ እጁ ዝሎ ቢገኝ፣ ስሌቱ የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ 9 ሰዓት እንዳለፈ ይቆጠራል፤ ሕክምናው የሚወሰነውም በተጨማሪ የአንጎል ምስል ምርመራ ነው።

በኢትዮጵያ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤተሰብ «8 ሰዓት ላይ» ሲል ከቀኑ 8 ሰዓትን ማለቱ ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የሚጽፍ ባለሙያ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። የ6 ሰዓት ልዩነቱ ከሕክምናው የጊዜ ገደብ ይበልጣል። መድኃኒቱ የሚገባውን ታማሚ ሊያስከለክል፣ ወይም በተቃራኒው ጊዜው ላለፈበት ሊያሰጥ ይችላል።

ስለሆነም በሪፈር ወረቀት ላይ የአቆጣጠሩ ዓይነት፣ ሰዓቱና የተናገረው የቤተሰብ አባል ስልክ ቁጥር በግልጽ ሊሰፍሩ ይገባል። ቤተሰብም ምልክቱን እንዳየ ሰዓቱን ይዞ፣ ምግብም ሆነ መጠጥ ሳይሰጥ፣ አምቡላንስ በመጥራት ወይም በተገኘው መጓጓዣ ታማሚውን ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ማድረስ ይኖርበታል።