ቁጥር ያለው ቀዳዳ

በአዲስ አበባ፣ በቦሌ በኩል፣ ኢምፔሪያል የሚባል ሰፈር አለ። ብዙ ፎቅ ቤቶች አሉበት። በአንድ ፎቅ ቤት መቶ ስልክና ኮምፒውተር ቢኖር መቶ ገመድ ያስፈልጋል። ታዲያ ገመዱ እንዳይተበተብ ምን ይደረጋል?

ከየክፍሉ የሚመጣው ገመድ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ያልቃል። ሰሌዳው ፓች ፓኔል ይባላል። በተርታ 24 ወይም 48 ቀዳዳዎች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥር አለው። ቀዳዳውን ከሚፈለገው መሣሪያ ጋር በአጭር ገመድ ያገናኙታል። ሠራተኛ ክፍል ቢቀይር ግድግዳ አይቆፈርም፤ አጭሩን ገመድ ማዛወር ይበቃል።

እኛም በመስኖ እንዲሁ እናደርጋለን። ዋናውን ቦይ ሳንነካ አንዱን መግቢያ ዘግተን ሌላውን እንከፍታለን።

ዘዴው የቆየ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1897 እስከ 1899፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘረጋ። በቀድሞ ስልክ ቤቶች ደዋዩንና ተጠሪውን የሚያገናኘው ሠራተኛው ነበር፤ ገመድ ከቀዳዳ እየሰካ።

ዛሬ ሰሌዳው ብዙ ቦታ ይሠራል። በሬዲዮ ጣቢያ የተናጋሪውን ድምፅ ወደ መቅረጫው ያሳልፋል። በፋብሪካ መኪናዎቹን ከመቆጣጠሪያ ክፍል ጋር ያገናኛል። በሆስፒታል የራጅ ምስል ለሐኪሙ ያደርሳል።

ነገር ግን 17 ቁጥርን እነቅላለሁ ብሎ 11ን የነቀለ ሰው፣ ሐኪሙ የሚጠብቀውን ምስል ሊያስቀር ይችላል። በሽተኛው ይጎዳል። ስለዚህ ጎበዝ ሠራተኛ ሳይነቅል ያነባል፤ ሰክቶም በመዝገብ ይጽፋል።

እኛስ? የዘሩንና የተባይ መድኃኒቱን ዕቃ ስም ጽፈን እንለይ። ከመክፈታችንም በፊት እናንብብ።