የልጅዎ የጨዋታ ኮምፒዩተር፤ የትኛው ዕቃ ይቀየር? የትኛውስ ይቆይ?



ባለፈው የግብር ወቅት በኦሮራ ከሚኖሩ ደንበኞቼ አንዱ ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ። እሱ ታክሲ ይነዳል፤ ባለቤቱ ደግሞ ሃቫና ጎዳና አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት። ሂሳቡን ጨርሰን ልንነሣ ስንል ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የ1,400 ዶላር የኮምፒዩተር ዋጋ ማቅረቢያ ነው። «ልጁ አሮጌው ለጌም አልሆነኝም ብሎ አላስቀምጥ አለን። ወንድሜ፣ ይህን የታክሲው ወጪ ብለን ስኬጁል ሲ ላይ ብናስገባውስ?» አለኝ።

መልሴ አጭር ነበር፤ አይሆንም። ልጅ የሚጫወትበት ዕቃ የቤት ወጪ እንጂ የሥራ ወጪ አይደለም። ነገር ግን እንዲሁ ልሸኘው አልወደድኩም። 1,400 ዶላር ለማግኘት ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ስንት ሌሊት መቆም እንደሚያስፈልግ አውቃለሁና፣ «ከመክፈልህ በፊት ያለውን ማሽን እንየው» አልኩት። ያየነውን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ በየቤቱ ያለ ጥያቄ ነውና።

የእንጀራ ቤቱ ሂሳብ

በእንጀራ ንግድ የተሰማራ ሰው ይህን ትምህርት ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ምጣዱ አንድ ከሆነ ሁለት በርሜል ሊጥ ቢቦካ፣ የሚያሽግ ሰው ቢቀጠር፣ በቀን የሚወጣው እንጀራ በቁጥር አይጨምርም። ምጣድ ሲጨመር ግን ወዲያው ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሊጡ ማጠር ይጀምራል።

ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ፕሮሰሰሩ ያሰላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን ይስላል፤ ሜሞሪ (ራም የሚባለው) የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ዲስኩ መጋዘን ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪኩን ያከፋፍላል፤ ማዘርቦርዱ ሁሉንም ያያይዛል። ሁሉም እየተቀባበሉ ስለሚሠሩ የማሽኑ ፍጥነት የሚወሰነው በዘገምተኛው ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «የትኛው ዕቃ ምርጥ ነው?» ሳይሆን «በዚህ ማሽን ላይ ምጣዱ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። በሌላ ቦታ ላይ የሚውል ገንዘብ ሥራ ፈት ካፒታል ነው።

ምጣዱን እንዴት እናገኘዋለን?

ለዚህ ምርመራ የሚከፈል ሣንቲም የለም። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር የሚባል ሠሌዳ ይከፈታል። ልጁ ሃያ ደቂቃ ያህል ይጫወት፤ እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው ቁጥሮቹን በወረቀት ይጻፉ።

1ኛ፦ ግራፊክስ ካርዱ ያለማቋረጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሠራ ከሆነ ምጣዱ እሱ ነው።

2ኛ፦ ሜሞሪው ከ90 በመቶ በላይ ከሞላና ዲስኩም 100 በመቶ ላይ ከተጣበቀ፣ ጠረጴዛው ስለሞላ ማሽኑ ወደ መጋዘን እየተመላለሰ ነው ማለት ነው።

3ኛ፦ ካርዱም ሜሞሪውም ሳይጨናነቁ ጨዋታው ከተንቀረፈፈ ፕሮሰሰሩን ይጠርጥሩ። ለማረጋገጥ የጨዋታውን የምስል ጥራት ዝቅ አድርጉት። ፍጥነቱ ከጨመረ ችግሩ ካርዱ ነው፤ ባለበት ከቆመ ፕሮሰሰሩ ነው።

የደንበኛዬ ልጅ «ግራፊክስ ካርዱ ነው» ብሎ ምሎ ነበር። ማሽኑ ከመሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ሲሆን 8 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እና በ2016 የወጣው ጂ ቲ ኤክስ 1050 ቲ አይ የተባለ ካርድ ነበረው። ስንለካው ካርዱ 60 በመቶ ላይ ነው፤ ሜሞሪው 94፣ ዲስኩ 100። አንድ ምጣድ ሥራ ፈትቶ ሊጥ ይጠብቃል ማለት ነው። ያን ቀን ውድ ካርድ ገዝተን ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን ለማየት መነጽር ያስፈልገን ነበር።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

አንደኛ፣ አቧራውን አጽዱ። ዴንቨር ከባሕር ወለል 5,280 ጫማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይሸከምም። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ይብሳል። የጋለ ማሽን ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ ባቡር ሙሉ አቧራ የበላ ፋን እንደ ተበላሸ ዕቃ ይቆጠራል። ሲያጸዱ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ፋኑን በጣት ይዘው አየር ይንፉበት። በክረምት አየራችን ደረቅ ስለሆነ እጅ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ውስጡን ከመንካትዎ በፊት የሣጥኑን ብረት ይንኩ። ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አይክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ሁለተኛ፣ ስክሪኑን አስተካክሉ። በሰከንድ 144 ጊዜ ማሳየት የሚችል ስክሪን ተገዝቶ ቅንብሩ 60 ላይ የተተወበት ቤት አይቻለሁ። ይህ በአንድ ደቂቃ የሚስተካከል ነው።

ሦስተኛ፣ ሜሞሪው አንድ ፍሬ ብቻ መሆኑን ተመልከቱ። ብዙ ማሽኖች ሁለት እኩል ፍሬዎች ሲገቡላቸው በሁለት መንገድ ስለሚያመላልሱ ይፈጥናሉ።

የግዢው ቅደም ተከተል

በአሮጌ ማሽን ላይ ሃርድ ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ መተካት ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚታየው ለውጥ ነው። በሰከንድ የሚታየውን ምስል ብዙም አይጨምርም፤ መጠበቁንና መንቀጥቀጡን ግን ይቀንሳል። ቀጥሎ ሜሞሪውን ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ማሳደግ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዲ ዲ አር 3፣ 4 እና 5 የሚባሉት ዓይነቶች አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም፤ አሮጌውን ፍሬ አውጥታችሁ ቁጥሩን ሳታነቡ አትግዙ። ዋጋውንም ሳትጠይቁ አትወስኑ፤ በ2025 መጨረሻ ፋብሪካዎች ምርታቸውን ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከሎች ስላዞሩ የሜሞሪ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጥቶ ነበር። ለአሮጌ ማሽን ያገለገለ ሜሞሪ መግዛት ነውር የለውም።

ሦስተኛው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አብሮ ካልታሰበ ግን ወጥመድ ነው። በዚህ እኔ ራሴ ተቀጥቻለሁ። ለሴት ልጄ ከኢንተርኔት ሻጭ ቆንጆ ካርድ ገዛሁ። ሣጥኑን ስከፍት ካርዱ በርዝመቱ አልገባም፤ ፓወር ሰፕላዩም ለካርዱ የሚሰካ ገመድ የለውም። ስመልሰው «ተከፍቷል» ተብሎ 15 በመቶ ተቆረጠብኝ። የሰው ሂሳብ የምቆጣጠር ሰው ሜትር ይዤ ሣጥን አለመለካቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይለኩ፦ የሣጥኑን ርዝመት፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋት እና ለካርድ የተዘጋጀ ገመድ መኖሩን። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ በራሱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ብቻ ነው። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አር ቲ ኤክስ 3050 70 ዋት ስለሚበላ ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራል፤ ለመሥሪያ ቤት ማሽኖች የሚስማማውም ለዚህ ነው። በ2021 የወጣው አር ኤክስ 6600 የበለጠ ይፈጥናል፤ 132 ዋት ስለሚፈልግ ግን ገመድ ያስፈልገዋል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. በ249 ዶላር የወጣው የኢንቴል ቢ580 በአዲስ ማሽን ላይ ጥሩ ዋጋ ነው፤ አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ሲሰካ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። አንድ ዓይነት ካርድ በሁለት ቤት አንድ ዓይነት አይሠራም።

ፕሮሰሰር በመጨረሻ ነው። እዚያው ማዘርቦርድ ላይ የሚገባ የተሻለ ካለ ይቀየራል። ማዘርቦርዱንም ጭምር መቀየር ግድ ከሆነ ግን ያኔ ሜሞሪውም ሊከተል ስለሚችል፣ ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካለፈ አሮጌውን ማሰናበት ይሻላል። አሮጌ ታክሲ ላይ አዲስ ሞተር እንደማንገጥመው ማለት ነው። ሌላም መለኪያ አለ፤ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። የኢንቴል ፕሮሰሰሩ ከ8ኛው ትውልድ በታች ከሆነ ዊንዶውስ 11ን በይፋ ስለማይቀበል ብዙ ገንዘብ አታፍሱበት።

ዕቃውን በዓይን አይቶ መግዛት ለሚፈልግ በዴንቨር ኢስት ኲንሲ ጎዳና ላይ ማይክሮ ሴንተር አለ። ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ያለ ዝርዝር የገባ ሰው የሚወጣው በሻጩ ዝርዝር ነው።

የግብሩስ ነገር?

የልጁ ማሽን አይገባም ብያለሁ። የሱቁ ኮምፒዩተር ግን ይገባል። የዕቃው ዋጋ ከ2,500 ዶላር ካልበለጠና ከግብር ማስታወቂያችሁ ጋር የምርጫውን መግለጫ ካያያዛችሁ፣ ለብዙ ዓመት ሳይከፋፈል በዚያው ዓመት ወጪ ሊመዘገብ ይችላል። ሥራም ጨዋታም በሚሠራበት ማሽን የሚያዘው የሥራው ድርሻ ብቻ ነው፤ ደረሰኝና የአጠቃቀም ማስታወሻ ያዙ።

ከግብሩ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከየቦታው የሚወርዱ የተሰረቁ ጨዋታዎችና ማጭበርበሪያ ፕሮግራሞች የይለፍ ቃል ሌባ ይዘው ሊገቡ ይችላሉ። የሱቁ ባንክ ሂሳብ በተከፈተበት ማሽን ላይ ልጅ አይጫወት። ይህ ቁጠባ ቤት ያፈርሳል።

የወጣው ዕቃም ወደ ቆሻሻ አይጣል። በኮሎራዶ ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮምፒዩተር ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል ክልክል ነው። ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሰብሳቢ ከመውሰዳችሁ በፊት ዲስኩን አውጡ፤ የግብር ወረቀታችሁ ያለው እዚያ ነው።

ደንበኛዬ በመጨረሻ ለዲስኩ 65 ዶላር፣ ላገለገለ ሜሞሪ 45 ዶላር፣ በድምሩ 110 ዶላር ከፈለ። ጨዋታው መንቀጥቀጡን አቆመ። እንደገና ስንለካ ካርዱ 98 በመቶ ደረሰ፤ ምጣዱ ቦታ ቀየረ ማለት ነው። ልጁ ቁጥሩን ራሱ ጽፎ ለአባቱ አሳየው፤ አባትየውም «አሁን ገባኝ፤ ካርዱን ግን አንተ ትገዛለህ» አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእናቱ ሱቅ ዕቃ እየደረደረ ደመወዙ በመዝገብ እየተጻፈ ይከፈለዋል። ሱቁ የእናቱ የግል ንግድ ስለሆነና ልጁ 18 ዓመት ስላልሞላው፣ ከዚያ ደመወዝ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር አይቆረጥም። በሐምሌ ባለ 70 ዋቱን ካርድ በራሱ ገንዘብ ገዛ። ደረሰኙን አምጥቶ «ይህ የማን ወጪ ነው?» ሲለኝ፣ «ያንተ» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ።