«ውሻው የኔ አይደለም» ሲባል፦ በከሚሴ ውሻ የነከሰው ሰው መብት

አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ባለችው ከሚሴ ውስጥ ከቁርአን ቤት ስትመለስ አንድ ሱቅ በር ላይ የሚተኛ ውሻ ነከሳት እንበል። እናቷ ባለሱቁን ስትጠይቀው «ውሻው የኔ አይደለም፤ የሰፈር ውሻ ነው። ቁራሽ ስጥልለት እዚሁ ቀረ» ይላታል። ጎረቤት ተሰብስቦ ውሻውን በድንጋይ ይገድለዋል። ልጅቷ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ትወሰዳለች፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል። እንዲህ ያለው ታሪክ በጨፋ ሜዳ ዳር ባሉ መንደሮችም፣ በባቲና በሰንበቴ ገበያ ዙሪያም ለማንም እንግዳ አይሆንም። ልጅቷ ግን በዚህ መንገድ ሕይወቷንም መብቷንም ልታጣ ትችላለች።

ከሕጉ በፊት የሚቀድም ነገር ስላለ እሱን ልናገር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው የሚመጣውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ስለዚህ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያል። ልጅቷ ለሳምንታት ደህና ብትመስል ድናለች ማለት አይደለም። ባለሱቁ ይክፈል አይክፈል እየተባለ ክትባቱ አይዘገይ፤ የወጣውን ገንዘብ በኋላ ማስመለስ ይቻላል።

ውሻውንም አትግደሉት። የነከሰው ውሻ ለአሥር ቀን ታስሮ በእንስሳት ሐኪም ዓይን ሥር ቢቆይ በሽታው እንዳለበትና እንደሌለበት ይታወቃል። በፍርድ ቤትም ማስረጃ ይሆናል። ተገድሎ ወይም ሞቶ ከሆነ ሬሳውን በእጃችሁ ሳትነኩ ለወረዳው ወይም ለከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው አሳውቁ፤ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ እንዲላክም ጠይቁ። በበሽታው የተጠረጠረ እንስሳ ያለው ባለቤትም ለይቶ ማሰርና ለባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ይህ ግዴታ የእንስሳት በሽታዎችን ስለመከላከልና ስለመቆጣጠር በወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994 ጊዜም የታወቀ ነበር።

አሁን ወደ ባለሱቁ መልስ እንመለስ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ሊገመት የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። «ጥፋት የለብኝም፣ ማን እንደፈታው አላውቅም» ማለት መከላከያ አይሆንም። ቁጥር 2086 እንደሚለው ባለቤቱን ከኃላፊነት ሊያወጣ ወይም ካሳውን ሊቀንስለት የሚችለው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው፤ ለምሳሌ ሌሊት አጥር ዘሎ የገባ ሰው ቢነከስ።

«የኔ አይደለም» ለሚለው ደግሞ ቁጥር 2072 አለ። እንስሳውን ለግል ጥቅሙ የያዘ፣ የተከራየ፣ የተዋሰ ወይም በሌላ ምክንያት በጥበቃው ሥር ያደረገ ሰው በእጁ ሳለ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ስለዚህ ክርክሩ ውሻውን ማን ገዛው በሚለው ላይ አያበቃም። ሌሊት ሱቁን የሚጠብቀው፣ ፍርፋሪውን የሚበላው፣ በባለሱቁ ፉጨት የሚመጣ ውሻ ከሆነ እናትየው ይህን የሚመሰክሩ ጎረቤቶችን ይዛ መቆም ትችላለች። በኔ እምነት በከተሞቻችን «የሰፈር ውሻ» ከሚባሉት ብዙዎቹ ጥቅማቸውን የሚወስድ ሰው አላቸው። ጥቅሙን የወሰደ ሰው ጉዳቱን ለልጅቷ ሊተውላት አይገባም።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ውሻ ማስመዝገብ ለምን እንደሚጠቅም በደንብ የሚያሳየው ነጥብ ቁጥር 2073 ላይ ነው። የለማዳ እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በማስረከብ ከኃላፊነት ነፃ መሆን ይችላል። በሬ ማሳ ቢያበላሽ በሬውን መቀበል ዋጋ ይኖረው ይሆናል። ልጇ ለተነከሰባት እናት ግን «ውሻውን ውሰጂው» ማለት ምን ይጠቅማታል? ሕጉ ለዚህ መውጫ ገደብ አበጅቶለታል፦ ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ወይም እሱ በሚጠየቅለት ሰው ጥፋት ከሆነ እንስሳውን አስረክቦ ማምለጥ አይቻልም። ጥፋት ምንድን ነው ለሚለው ደግሞ ቁጥር 2035 መልስ አለው። በሕግ ወይም በአስተዳደር ደንብ በግልጽ የተደነገገን ነገር የጣሰ ሰው ጥፋት ሠርቷል፤ ሕጉን አላውቅም ማለትም አያድነውም።

እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ እናንብባቸው። አንድ ከተማ «ውሻ ይመዝገብ፣ በየዓመቱ ይከተብ፣ ቀን ታስሮ ይዋል» የሚል ደንብ ካለው፣ ያን ሳያደርግ ውሻውን የለቀቀ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ በቁጥር 2073 የማምለጫ በርም ይዘጋበታል። ደንብ ከሌለ ግን ተጎጂው ጥፋቱን በሌላ መንገድ፣ ውሻው ከዚህ በፊት ሰው መንከሱንና ባለቤቱ ተነግሮት ዝም ማለቱን በምስክር ማስረዳት ይኖርበታል፤ ይህም ይከብዳል። ውሻ ማስመዝገብ በአገራችን የየከተማው አስተዳደር ጉዳይ ሆኖ ስለኖረ፣ ከመክሰሳችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ በሥራ ላይ ያለ ደንብ መኖሩን ጠይቁ፤ ካለ ኮፒውን ጠይቃችሁ ያዙ። ከሌለ ደግሞ ለከተማው ምክር ቤት በጽሑፍ አቤት በሉ። ማኅተም ያለው ቁርጥራጭ ወረቀትና የአንገት ቀለበት ቀላል ነገር ይመስላሉ፤ ለአንድ የተነከሰ ልጅ ግን ባለቤቱን በቀላሉ ለመለየት፣ ክትባቱን ለማረጋገጥና ካሳውን ለማግኘት ያገለግላሉ።

ለውሻ ባለቤቶችም እናገራለሁ። ጅብ የሚመላለስበት አገር ላይ ያለ ውሻ ማደር እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ለከብት ጥበቃና ለቤት ጥበቃ ውሻ ማኖር በዞናችን የኖረ ነው። የክትባቱን ወረቀት ግን ከቤት ካርታችሁ ጋር አስቀምጡት። ንክሻው ሰው ቢገድል ነገሩ ከካሳ ያልፋል። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። በቸልተኝነት አካል መጉዳት በቁጥር 559 ያስቀጣል። የወንጀል ክስ ከተመሠረተ ተጎጂው ካሳውን እዚያው እንዲወሰንለት በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ማመልከት ይችላል።

በእርግጥም ማንም የማያኖረው ውሻ ቢሆንስ? በቁጥር 2071 የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። የሚቀረው መንገድ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት መንግሥት የሚጠየቅበት ቁጥር 2126 ነው። ይህ መንገድ ጠባብ ነው። ሠፈሩ አቤቱታ አቅርቦ፣ አቤቱታው የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የተቀበለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ዝም ብሎ ከሆነ ግን የምታነሱት ነገር ይኖራችኋል። ስለዚህ አቤቱታ በቃል ብቻ አይሁን። በኢትዮጵያ ከተሞች ለረጅም ዓመታት የተለመደው መፍትሔ መርዝ መርጨት ነበር። እኔ ይህን አልደግፍም። መርዙ የተከተበውን ውሻ ካልተከተበው አይለይም፣ መርዝ ያለበት ሥጋ የሚጣልበት ቦታ ላይ ሌላም እንስሳ ያልቃል። ደግሞም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታውን የሚገታው ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ነው። ግቢ ውስጥ የታሰረ ውሻ ሳይነገራችሁ ቢመረዝባችሁ ውሻው ንብረት ነውና ካሳ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ስለ ሌሎች እንስሳት በአጭሩ ልበል። ቁጥር 2071 ስለ ውሻ ብቻ አይናገርም፤ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ድንገት የገባ ግመል ወይም ላም መኪና ቢያበላሽ ባለቤቱ ይጠየቃል። የመኪናው ባለቤትም በቁጥር 2081 መኪናው ለገደለው እንስሳ ኃላፊነት አለበት። ሁለቱም ወገን ሲጠያየቁ ዳኛው የእያንዳንዱን ጥፋት መዝኖ ያካፍላል። ማሳችሁ ውስጥ የገባ ከብት ላይ ደግሞ ከቁጥር 2074 ጀምሮ ያለው ድንጋጌ ለካሳችሁ ዋስትና ከብቱን እንድትይዙ ይፈቅዳል፤ ባለቤቱን ግን ወዲያው ማሳወቅ አለባችሁ።

የካሳውን መጠን የሚወስነው ጉዳቱ ነው። የሕክምና ደረሰኝ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ የተጓዛችሁበት ትራንስፖርት፣ የቀረ የሥራ ቀን ሁሉ ይቆጠራል። ለሞራል ጉዳት ግን ቁጥር 2116 ከአንድ ሺህ ብር በላይ አይፈቅድም። በ1952 ትልቅ ገንዘብ የነበረው ይህ ጣሪያ ዛሬ የተነከሰች ልጅን ፍርሃት አይመጥንም፤ ሊሻሻል ይገባዋል። በሽማግሌ መጨረስ የምትፈልጉ ከሆነ ጥሩ ነው፤ የወሎ ሽማግሌ ብዙ ጠብ አብርዷል። ስምምነቱን ግን በጽሑፍ አድርጉት፣ ምስክሮች ይፈርሙበት። ክትባቱ ሳያልቅ፣ የቁስሉም መጨረሻ ሳይታወቅ «ተካክሰናል» ብላችሁ አትፈርሙ፤ በቁጥር 3307 እና ተከታዮቹ መሠረት የተደረገ ግልግል ተዋዋዮችን እንደ ፍርድ ያስራቸዋል።

ካልተስማማችሁ ልጅቷን ወላጅዋ ወክሎ ይከሳል። የዞኑ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ክሱን በኦሮምኛ ማቅረብ ይቻላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስና በመሰሉት ጉዳዮች ላይ ነው፤ የውሻ ንክሻ ካሳ ወደ መደበኛው ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ቁጥር 2143 ከዚያ በኋላ ለዘገየ ጥያቄ በአብዛኛው በር ይዘጋል።