«ለልጆቹ ነው ወይስ ለመንገዳችሁ?»



እንደምታስታውሱት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን በአዲስ አበባ ሄደን ለመጎብኘትና ለመርዳት አስበን ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረን ነበር። እህቶቻችን ቆሎና ዳቦ ሸጡ፤ ወንድሞቻችን ጤፍ አጨዳ ገብተው የቀን ዋጋቸውን አስገቡ። አንድ ቀን ካርቶን ይዘን በግንደወይን ገበያ ስንዞር እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት ከመቀነታቸው ብር ፈትተው ሰጡንና፣ «ልጆቼ፣ ይህ ለልጆቹ ነው ወይስ ለመንገዳችሁ?» ብለው ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየን እንጂ መልስ አልሰጠናቸውም። የዛሬው ትምህርታችን የእኒያን እናት ጥያቄ የሚመለከት ነው።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ወጣቶችም ኬክ እየሸጡና መኪና እያጠቡ ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ ባሕር ተሻግረውም በድሃ አገር ያሉ ሕፃናትን ለመርዳት ይሄዳሉ። ሐሳቡ በጎ ነው። ነገር ግን ከተሰበሰበው ብዙው ለትኬት ከዋለ ለሕፃናቱ ምን ይደርሳቸዋል?

እስቲ በምሳሌ እንመልከተው። 80,000 ብር ሰበሰብን እንበል። 20 ሆነን ብንሄድና የአንዳችን የመሳፈሪያ፣ የምግብና የማደሪያ ወጪ 3,000 ብር ቢሆን መንገዱ 60,000 ብር ይወስዳል፤ ለሕፃናቱ የሚተርፈው 20,000 ብር ነው። 4 ሰዎች ብቻ ብንልክ ግን ወጪው 12,000 ብር ይሆንና 68,000 ብር ለሕፃናቱ ይደርሳል። ጉዞው ያው ነው፤ ልዩነቱ የሄደው ሰው ቁጥር ነው።

እንግዲያው ገንዘቡን ልከን እኛ እቤታችን እንቀመጥ ማለት ነውን? አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ምሳሌ ይሰጠናል። በሐዋርያት ዘመን በቀላውዴዎስ ቄሣር ጊዜ ረኃብ በሆነ ጊዜ የአንጾኪያ ምእመናን እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ላሉት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ኋላም ቅዱስ ጳውሎስ ከመቄዶንያና ከአካይያ ለኢየሩሳሌም ድሆች እርዳታ ሲያሰባስብ ሦስት ነገሮችን ሠርቷል። 1ኛ፣ እያንዳንዱ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ጥቂት ጥቂት እንዲያስቀምጥ አዘዘ። 2ኛ፣ ገንዘቡን የሚያደርሱት ምእመናኑ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች እንዲሆኑ አደረገ። 3ኛ፣ ስለ ገንዘቡ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝባቸው ተጠነቀቀ። ስለዚህ መልእክተኛ ያስፈልጋል፤ መልእክተኛው ግን የሚሄደው ሥራ ስላለው ነው።

ከአገራችን ታሪክም ሁለት ምሳሌዎች እናንሣ።

የመጀመሪያው የ«አርባ ልጆች» ታሪክ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በአርመን ገዳም የተጠለሉ ልጆችን አገኙ። ወላጆቻቸው በቱርክ ግዛት በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት ያለቁባቸው ነበሩ። ራስ ተፈሪም ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው በሙዚቃ ሥራ አሠማሯቸው። መሪያቸው የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ያገለገለውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። እንግዲህ ኢትዮጵያ ሁልጊዜ ተረጂ ብቻ እንዳልነበረች ልብ በሉ። የባዕድ አገር ልጆችንም ተቀብላ እንጀራና ሙያ ሰጥታለች።

ሁለተኛው የወይዘሮ አበበች ጎበና ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ወይዘሮ አበበች ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄዱ። የሄዱት ለጸሎት ነበር። በመንገድ ላይ ግን በረኃብ ከተጎዱት ሰዎች መካከል በሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አዩ። አይተውም አላለፉም፤ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በእጃቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ይህም ትዳራቸውን አሳጣቸው፤ ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ እንጀራ እየሸጡ ልጆቹን አሳደጉ። ከዚያ ጅምር ብዙ ሺህ ሰው የረዳ ድርጅት ተነሣ። እርሳቸውም ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አረፉ።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው አንድ ነገር አለ። የመንገድ ፍሬው የሚታየው ከተመለሱ በኋላ ነው። አንድ ቀን ሕፃናቱን አቅፎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ አልቅሶ መመለስ ለእኛ ትዝታ ይሆናል፤ ለሕፃኑ ግን እንደ ሌሎቹ ሁሉ መጥቶ የሚጠፋ ሰው መሆን ነው። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ሕፃናት ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው ይህን ያጠኑ ሰዎች ይናገራሉ። ከቤት ያስወጣቸው አብዛኛውን ጊዜ ድህነት ነው። ስለዚህ አንዲትን ድሃ እናት ልጇን በቤቷ እንድታሳድግ መርዳት ማሳደጊያ ከመጎብኘት የሚያንስ ሥራ አይደለም። ይህንንም ሥራ ለማግኘት ከግንደወይን መራቅ አያስፈልግም። ከወላጆቹ ተለይቶ በጎጆ እየኖረ ቁራሽ ለምኖ የሚማር የቆሎ ተማሪ በደጃችን አለ።

እንግዲህ ለሥራችን የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1. የሕፃናቱና የመንገዱ ገንዘብ በሁለት ሣጥን ይለይ። በገበያ የምንለምነው ለሕፃናቱ ብቻ ይሁን፤ የመሳፈሪያውን ተጓዦቹ ከራሳቸው ጉልበት ያውጡ።
2. ያለ ደረሰኝ አንድ ብር እንኳ አንቀበል። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ተቆጣጣሪው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ።
3. ከመሄዳችን በፊት ሕፃናቱን የሚያሳድጉትን ሰዎች ምን እንደሚያስፈልጋቸው እንጠይቅ። እኛ ልብስ ይዘን ስንሄድ እነርሱ የቸገራቸው የትምህርት ቤት ደብተር ሊሆን ይችላልና።
4. የሚሄዱት ጥቂቶችና ሥራ ያላቸው ይሁኑ፤ የሚያስጠና፣ የሚጠግን፣ የሚያጥብ።
5. የሄዱት ሲመለሱ ገቢና ወጪውን በጉባኤ ፊት ያንብቡ፤ በዓመቱም ሥራው ይቀጥል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ለመሄድ የጓጓን ሁላችን፣ እኔም ጭምር፣ ከ4ቱ መካከል ላንሆን እንችላለን። እውነቱን ለመናገር ይህ ለእኔም ቀላል አልነበረም፤ አዲስ አበባን አይቼ አላውቅምና። ነገር ግን እንጀራ ሻጯ እናት የሰጡን የአንድ ቀን ትርፋቸውን ይሆናል። ወደ ገበያ ተመልሰን «እናታችን፣ ለልጆቹ ነው» ብለን ደረሰኙን ብናሳያቸው ከመንገዱ ደስታ ይበልጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ) ቅዱስ ጳውሎስ ገንዘቡን ብቻውን ያልወሰደው ለምንድን ነው?
ለ) ወይዘሮ አበበች ለመርዳት ብለው ሳይሄዱ የረዱት እንዴት ነው?
ሐ) በአካባቢያችን ሳንጓዝ ልንረዳቸው የምንችል ሕፃናት እነማን ናቸው?

ከአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፣ ግንደወይን