የራቁብንን ወገኖች ለእግዚአብሔር አደራ ስለ መስጠት

በዛሬው ዘመን በወላይታ ምድር ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው ያልራቀበት ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሐዋሳ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ዓረብ አገር፥ እስከ ደቡብ አፍሪካም ድረስ ይሻገራል። ወሬው በጠፋ ጊዜ የቀሩት እንቅልፍ ያጣሉ፤ «ታሞ ይሆን? ታስሮ ይሆን? በመንገድ ሞቶ ይሆን?» ይላሉ። በዚህ ነገር ክርስቲያን ምን ሊያደርግ እንደሚገባው እንመልከት።

አስቀድሞ ይህን እወቅ፤ ስለ ወዳጅ ማሰብ ኃጢአት አይደለም፥ የፍቅር ሥራ ነው እንጂ። ሐዋርያው ጳውሎስ በተሰሎንቄ የነበሩትን አዲስ ምእመናን በስደት ምክንያት ትቶአቸው በሄደ ጊዜ ልቡ አላረፈም። መታገሥ ቢያቅተው እርሱ በአቴና ብቻውን ቀርቶ ጢሞቴዎስን ላከላቸው (1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 3)። እንግዲህ በእግዚአብሔር መታመን ማለት አለመጠየቅ፥ አለመላክ፥ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም።

ነገር ግን ጭንቀት ያላየነውን እንዳየን አድርጎ ያሳምነናል። ያዕቆብ በደም የተነከረውን ቀሚስ አይቶ ልጁን አውሬ እንደ በላው ቈረጠ፤ ብዙ ዓመትም አለቀሰ። ዮሴፍ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን በግብፅ በሕይወት ነበረ፤ አባቱ በማያውቀው ስፍራም እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ነበረ።

በአገራችንም የሆነውን አስብ። የሱዳን ኢንቴሪዬር ሚሲዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ ሶዶ መጥተው ወንጌልን ሰበኩ። ጣልያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ግን በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ እንዲወጡ ተገደዱ። በዚያን ጊዜ በወላይታ የተጠመቁት 48 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ይነገራል። በቋንቋቸውም የነበራቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ሌሎች የመጽሐፍ ክፍሎች ነበሩ። የሄዱት ስለ ቀሩት ምን ያህል እንደ ተጨነቁ መገመት አያስቸግርም፤ ሊጠብቁአቸውም ሊያስተምሩአቸውም አልቻሉም። የቀራቸው አንድ ነገር ጸሎት ነበረ።

የቀሩትስ ምን ሆኑ? ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎች ታሰሩ፥ ተገረፉ። ምእመናኑ ግን ለታሰሩት ስንቅ ያመላልሱ ነበር፤ ይህንንም ፍቅር ያዩ ሌሎች ሰዎች ወደ እምነት ቀረቡ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ፥ የምእመናኑ ቍጥር ወደ 10,000 እንደ ደረሰ ሰሙ። እነርሱ ባልነበሩበት ጊዜ ጠባቂው በዚያ ነበረ።

ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፥ እህቴ ሆይ፤ ይህን ሰምተህ «እንግዲያስ በልጄ ላይ ክፉ ነገር ከቶ አይደርስም» አትበል። በዚያ ዘመን ከምእመናኑ መከራ የደረሰባቸው ብዙ ናቸው፤ የሞቱም ነበሩ። እግዚአብሔር የራቀው ሁሉ በደኅና ይመለሳል ብሎ ተስፋ አልሰጠንም። የሰጠን ተስፋ ይህ ነው፤ ወዳጅህ በሚደርስበት ስፍራ ሁሉ እርሱ ቀድሞ በዚያ አለ፤ ሞትም ከእጁ አያወጣውም። ልጁን ለታመነ ሰው አደራ የሰጠ አባት ሌሊቱን ሁሉ በር አያንኳኳም፤ ማንን እንዳመነ ያውቃልና።

እንግዲህ እነዚህን ነገሮች አድርግ።

አንደኛ፤ በየቀኑ በስሙ እየጠራህ ጸልይለት። «ጠብቀው» ብቻ ሳይሆን «ካንተ አይራቅ» በል።

ሁለተኛ፤ ወሬ በጠፋ ጊዜ ወደ ጠንቋይ አትሂድ። ጠንቋዩ ካንተ የበለጠ አያውቅም፤ ገንዘብህን ወስዶ ፍርሃትህን ያበዛል።

ሦስተኛ፤ በቅን መንገድ ጠይቅ። ደውል፥ ጻፍ፥ በዚያ ያሉትን የአገር ልጆች አነጋግር። ደላላ ይዞብሃል የሚል ወሬ ከመጣ ነገሩን በቤትህ ደብቀህ ብቻህን አትቃጠል፤ ለሽማግሌዎችና ለሚመለከተው ሹም ንገር።

አራተኛ፤ ልብህን መርምር። የምትጨነቀው ስለ ልጁ ነውን ወይስ ስለሚልከው ገንዘብ? ባዶ እጁን ለመመለስ አፍሮ በሞት መንገድ ላይ የሚቀር ጐልማሳ አለ። «ልጄ ሆይ፥ ባይሳካልህም ቤትህ ቤትህ ነው» የሚል ቃል ከአባት ቢሰማ ነፍሱን ሊያድን ይችላል።

አምስተኛ፤ በከተማህ ያለውን እንግዳ ተቀበል። ከሌላ አገር መጥቶ በሶዶ የሚማረው ተማሪ ወይም ጫማ የሚጠርገው ብላቴና የሌላ እናት ልጅ ነው። አንተ ለእርሱ የምታደርገውን፥ ሌላው ለልጅህ እንዲያደርግ እግዚአብሔርን ለምን።

ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት የራቀብህን ሰው ስም በጌታ ፊት ጥራና አደራህን ስጠው፤ ከዚያም ተኛ። እስራኤልን የሚጠብቅ እርሱ አያንቀላፋምና።